በብርድ ወራት ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር ትራውት በፍላይ ማጥመድ፦ ከዝግጅት እስከ መልስ

በዴንቨርና በኦሮራ አካባቢ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል በሞቃት ወራት ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ በፍላይ፣ ማለትም ትንኝ ወይም ሌላ የዓሣ ምግብ እንዲመስል በተሠራ መንጠቆ፣ ማጥመድ የለመዱ ብዙ ናቸው፤ ኅዳር ሲጋመስ ግን ዘንጋቸውን ጋራዥ ውስጥ ሰቅለው እስከ ሚያዝያ አይነኩትም። ከእነዚሁ ሰዎች በየዓመቱ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «በዚህ ብርድ ትራውት ይያዛል ወይ? ቢያዝስ ልጆችንና ዘመድ ወዳጅን ይዞ መሄድ ይቻላል?» ለሁለቱም መልሴ አዎን ነው። ነገር ግን የሞቃቱን ወራት ልማድ እንዳለ ይዞ የሚሄድ ሰው ዓሣም አይዝም፣ ቤተሰቡም ሁለተኛ አብሮት አይወጣም። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የተጻፈው ለኮሎራዶ ወንዞች ነው፤ ብርድ ወራት ስልም ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለውን የበረዶ ጊዜ ማለቴ እንጂ የአገራችንን የሐምሌና የነሐሴ ክረምት አይደለም።

አስቀድሞ መያዝ ያለበት ደንብ አለ፦ የቀኑን ርዝመት የሚወስነው ከመካከላችሁ ቀድሞ የሚበርደው ሰው ነው። ያ ሰው የ8 ዓመት ልጅ ወይም ከአገር ቤት በቅርቡ የመጡ እናት ሊሆኑ ይችላሉ። የቦታው፣ የሰዓቱና የልብሱ ምርጫ ሁሉ ከዚህ ሰው ይነሣል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለማጥመጃ፦
- 9 ጫማ ርዝመት ያለው፣ ለቁጥር 4 ወይም 5 ክር የተሠራ የፍላይ ዘንግ፣ ከሪሉ (ከክር መጠቅለያው) እና ከሚንሳፈፈው ክር ጋር፤
- 9 ጫማ የሆነ ባለ 5 ኤክስ ሊደር (ከዋናው ክር ጫፍ የሚታሰር እየቀጠነ የሚሄድ ክር)፣ እንዲሁም ባለ 5 እና ባለ 6 ኤክስ ቲፐት (ፍላዩ የሚታሰርበት ቀጭን የጫፍ ክር፤ ባለ 5ቱ ውፍረቱ 0.15 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ክሩ ይቀጥናል)፤
- ዜብራ ሚጅ የሚባለው የትንኝ እጭ የሚመስል ፍላይ፣ ጥቁርና ቀይ፣ ቁጥር 20 እና 22፤ አርኤስ ቱ የሚባለው ግራጫ ፍላይ፣ ቁጥር 22፤ የዓሣ እንቁላል ወይም ቀይ ትል የሚመስል ፍላይ፣ ቁጥር 14 (በመንጠቆም ቁጥሩ ከፍ ሲል መጠኑ ያንሳል)፤
- ከእርሳስ ያልተሠሩ ጥቃቅን ክብደቶችና ኢንዲኬተር የሚባለው ትንሽ ተንሳፋፊ፤
- የጎማ መረብ፣ ቀጭን ፒንሳ፣ የከንፈር ቅባት፣ የውኃውን ነጸብራቅ የሚያጠፋ ፖላራይዝድ መነጽር።

ለሰው፦
- እስከ ደረት የሚደርስ ዌደር (ውኃ የማያስገባ ሱሪ) ከነወገብ ቀበቶው፣ የጎማ ሶል ያለውና ብሎን መሰል ጥርስ የተተከለበት ቦት፤
- የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ጨርቅ ውስጥ ልብስ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ጥንድ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፤
- ለእያንዳንዱ ሰው፣ ወደ ውኃ ለማይገቡትም ጭምር፣ ከውስጥ ልብስ እስከ ጫማ ሙሉ ቅያሪ፣ በላስቲክ ከረጢት የታሰረ፤
- ሁለት ፎጣ፣ ብርድ ልብስ፣ ተጣጣፊ ወንበር፣ ሻይና ሾርባ የያዙ ሁለት ፔርሙዞች።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

1. ግድብ ሥር ያለ ወንዝ ይምረጡ። ውኃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ነው። ስለዚህ የሐይቁ ላይ በረዶ ሲሠራ እንኳ ከታች ያለው ውኃ እዚያው ሙቀት አካባቢ ይቆያል፤ ግድቡ ከሥሩ የሚለቅቀውም ይህንኑ ነው። በመሆኑም ከግድብ በታች ያሉት የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሌላው ወንዝ በረዶ ሲለብስ ክፍት ሆነው ይቆያሉ፣ ትራውቱም መብላቱን አያቋርጥም። ከልጆችና ከጀማሪዎች ጋር ለሚሄድ ሰው በቅድሚያ የምመክረው በፑዌብሎ ከተማ ውስጥ የሚያልፈውን የአርካንሳስ ወንዝ ነው። ከዴንቨር ወደ ደቡብ በአይ 25 አውራ ጎዳና ሁለት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል፤ ከተማው ከዴንቨር ዝቅ ብሎ 1,430 ሜትር አካባቢ ስለሚገኝ አየሩ ብዙውን ጊዜ ለዘብ ይላል፤ ልጅ ቢበርደው ደግሞ የሚሞቅበት ቤት በደቂቃዎች ርቀት ላይ ይገኛል። የሳውዝ ፕላት ወንዝ በዴከርስ በኩል ለዴንቨር ይቀርባል፣ መንገዱም ወንዙን ተከትሎ ስለሚሄድ ከመኪና ሳይርቁ ማጥመድ ይቻላል፤ ነገር ግን በሸለቆው ብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም። ከዚያ በላይ ያለው ቺዝማን ካንየን እጅግ ያማረ ውኃ ነው፤ ይሁንና በእግር የሚገባበት ቀጭንና ገደላማ መንገድ በበረዶ ጊዜ ስለሚያንሸራትት ልጆችንና አረጋውያንን ይዘው አይግቡበት።

2. ቀኑንና ሰዓቱን ይወስኑ። የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚሆንበትንና ነፋሱ ቀላል የሆነበትን ቀን ይምረጡ፤ ደመናማም ቢሆን ነፋስ የሌለው ቀን ፀሐያማ ሆኖ ነፋስ ካለው ቀን ይሻላል፣ ሙቀትን ከሰውነት የሚገፍፈው ነፋሱ ነውና። ውኃው ላይ መሆን ያለብዎት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፣ በአሜሪካው ከ10 እስከ 3 ነው። ፀሐይ ውኃውን በአንድ ዲግሪ ያህል እንኳ ስታሞቀው የትንኝ እጮች ከወንዙ ወለል መነሣት ይጀምራሉ፣ ትራውቱም ያን ጊዜ ይነቃል። ጎሕ ሲቀድ መድረስ የሐምሌ ልማድ ነው፤ በጥር ጎሕ ሲቀድ የሚደርስ ሰው ዓሣው ሳይነቃ ልጆቹ ይበርዳቸዋል።

3. ፈቃዱን ከጉዞው በፊት ያውጡ። በኮሎራዶ ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አያስፈልጋቸውም። ዓመታዊው ፈቃድ የሚያገለግለው ከማርች 1 እስከ ተከታዩ ዓመት ማርች 31 ስለሆነ፣ ባለፈው ሰኔ ያወጡት ፈቃድ በጥርም ይሠራል። እንግዳ ለጋበዙ ሰዎች ይህ በተለይ መታወቅ አለበት፤ ከሌላ ስቴት ለገና የመጣ ዘመድ የአንድ ቀን ፈቃድ ማውጣት ይችላል፤ የእርስዎ ፈቃድ ግን እሱን አይሸፍነውም። በነዚህ ወንዞች ላይ ብዙ ክፍሎች ሰው ሠራሽ ፍላይና ማባበያ ብቻ የሚፈቀድባቸው፣ አንዳንዶቹም የተያዘው ሁሉ የሚለቀቅባቸው ስለሆኑ፣ የሚሄዱበትን ክፍል ደንብ በስሙ ፈልገው ያንብቡ። በኮሎራዶ የወንዝ ወለል የግል ይዞታ ሊሆን እንደሚችልም ያስታውሱ፤ የክልከላ ምልክት ባለበት ዳርቻ በውኃው ውስጥ እየሄዱ ማለፍ እንኳ ችግር ያስከትላል።

4. መንጠቆውን ቤት ውስጥ አስረው ይጨርሱ። ቁጥር 22 ፍላይ ከስንዴ ፍሬ ያነሰ ነው፤ በደነዘዘ ጣት ክሩን በዓይኑ ማሾለክ ትዕግሥት ያስጨርሳል፣ ጓንት አውልቆ የሚቆይ እጅም ተመልሶ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሦስት የታሰረ ክር ያዘጋጁ፦ ከላይ የእንቁላል ወይም የትል ፍላይ፣ ከእሱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በባለ 6 ኤክስ ቲፐት የታሰረ ዜብራ ሚጅ። ትልቁ ፍላይ ዓሣውን ይጠራዋል፣ ትንሹን ደግሞ ይበላዋል። ቋጠሮውን ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ያርጥቡት፣ ደረቅ ክር ሲጠብቅ በሰበቃ ሞቆ ይዳከማልና። የታሰሩትን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጠምጥመው በየስሙ ይጻፉባቸው፤ ልጆች ይህን ሥራ ስለሚወዱት ምሽቱ የጉዞው አካል ይሆናል።

5. ሰውነትን በትክክል ያልብሱ። ከሥጋ የሚጠጋው ልብስ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ፣ መካከለኛው ወፈር ያለ ሹራብ፣ የላዩ ነፋስ የማያስገባ ይሁን። ጥጥ ከውስጥ አይልበሱ፤ በላብ ሲርስ ሙቀት መያዙን ያቆማል። ጋቢ ለመኪና ውስጥ እጅግ መልካም ነው፣ በወንዝ ዳር ግን ጫፉ ውኃ ከነካው ክብደትና ብርድ ብቻ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በካልሲ ነው፦ ሁለት ሦስት ካልሲ ደርቦ ቦት ውስጥ የሚያጭቅ ሰው እግሩ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያግድ ከሁሉ ቀድሞ ይበርደዋል። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ለብሰው ጣቶችዎ ቦቱ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ መሆናቸውን ያረጋግጡ። የዌደሩ ቀበቶ ወገብ ላይ ሁልጊዜ ጠብቆ ይታሰር፤ ቢወድቁ ውኃ ወደ እግር እንዳይሞላ የሚያግደው እሱ ብቻ ነው። ቦትዎ ከታች ለስላሳ ጨርቅ ያለው ከሆነ በበረዶ ላይ ሲራመዱ በረዶው እየተጋገረበት ከፍ ያለ ተረከዝ ስለሚመስል ቁርጭምጭሚት ያስወልቃል፤ የጎማ ሶል የመረጥኩት ስለዚህ ነው።

6. ሥራውን ይከፋፍሉ። ወደ ውኃው የሚገቡት ሁለት ሁለት ሆነው፣ እርስ በርስ በሚተያዩበት ርቀት ይሁን፤ ጀማሪም ሆነ ልምድ ያለው ከጉልበት በላይ አይግባ። ልጆች ከዳር ሆነው ያጥምዱ፤ በብርድ ወራት ዓሣው ብዙ ጊዜ ከዳር በሁለት ዘንግ ርቀት ውስጥ ስለሚገኝ የሚቀርባቸው ነገር የለም። አንድ አዋቂ ሰው ሳያጠምድ ከልጆቹ ጋር ይቆይ፣ በየሰዓቱም በሌላ ይተካ። የመኪናው ቁልፍ ከዚህ ሰው ኪስ አይውጣ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነገር ነው፦ ከዓመታት በፊት የባለቤቴ ወንድም ከጉልበት በማያልፍ ውኃ ውስጥ ተንሸራቶ እስከ አንገቱ ራሰ። ቅያሪ ልብሱ መኪናው ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ግን እኔ ኪስ ውስጥ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከመታጠፊያው በታች፣ ጥሪ በማልሰማበት ቦታ። ተጠርቼ እስክደርስ ከንፈሩ ጠቁሮ የጃኬቱን ዚፕ በራሱ መክፈት አቅቶት አገኘሁት። ደረቅ ልብስ በተቆለፈ መኪና ውስጥ ምንም እንደማይጠቅም ያን ቀን ተረድቻለሁ።

7. ዳርቻውን አይተው ይርገጡ። ከዳር ወደ ወንዙ የወጣ በረዶ ጠንካራ ቢመስልም ከሥሩ ውኃው ስለሚበላው ባዶ ነው፤ በላዩ አይቁሙ፣ ልጅም እንዳይቆምበት ይከልክሉ። በምርኩዝ መትተው የሚሰበረውን ሰብረው መሬቱን አግኝተው ይግቡ። ከላይ በኩል ትልልቅ የበረዶ ቁራጮች መምጣት ከጀመሩ ወዲያው ይውጡ፤ የቆመ በረዶ ሲለቅ ውኃውንም አብሮ ያመጣል። ሌላው ጥንቃቄ የእንቁላል ቦታ ነው። ቡናማው ትራውት በጥቅምትና በኅዳር እንቁላሉን ጠጠር ውስጥ ይቀብራል፣ እንቁላሉም ብርዱን ሁሉ እዚያው ያሳልፋል። በዙሪያው ያለው ድንጋይ ጠቆር ብሎ ሳለ መካከሉ እንደ ምጣድ ክብ ሆኖ የጸዳ፣ ነጣ ያለ ጠጠር ካዩ ያ የእንቁላል አልጋ ነውና ዞረው ይለፉ። አንድ እርምጃ ብዙ እንቁላል ያጠፋል።

8. ትክክለኛውን ውኃ ይፈልጉ። ትራውት ሙቀቱ እንደ ውኃው ነው፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ሰውነቱ ሥራውን ስለሚያዘገይ ከኃይለኛ ወራጅ ጋር አይታገልም፣ ምግብ ፍለጋም ሩቅ አይሄድም። ፈጣኑ ነጭ ውኃ አልቆ ጥልቀት የሚጀምርበትን፣ በሰው ዝግ ያለ እርምጃ ልክ የሚሄደውን ቦታ ይፈልጉ፤ የመታጠፊያ ውጭኛ ጎን፣ ከትልቅ ድንጋይ በስተኋላ ያለ ጸጥታ፣ የጥልቅ ውኃ መካከል። በሐምሌ ያጠመዱበትን ፈጣን ውኃ ይለፉት። እንዲህ ያለ ቦታ ካገኙ አይልቀቁት፤ ዓሦቹ ተሰብስበው ስለሚውሉ አንድ ከተያዘ ሌሎችም አሉ።

9. ፍላዩን ከወለሉ አጠገብ፣ ሳይጎተት ያስኪዱ። የዚህ ሥራ ቁልፍ ይህ ነው። ኢንዲኬተሩን ከላይኛው ፍላይ ከጥልቀቱ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ርቀት ላይ ያድርጉ፣ አንድ ትንሽ ክብደት ከላይኛው ፍላይ በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይጨምሩ። ወደ ላይኛው ወራጅ ይወርውሩ፣ ክሩ በወራጁ ተገፍቶ ወደ ታች ሲጎብጥ በዘንጉ ጫፍ ቀስ ብለው አንሥተው ወደ ላይ ይመልሱት፤ አለበለዚያ ክሩ ፍላዩን ይጎትተዋል፣ የተጎተተን ምግብ ደግሞ የበረደው ትራውት አያሳድድም። ኢንዲኬተሩ ከላዩ ከሚሄደው አረፋ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዘግይቶ መሄድ አለበት። በአሥር ውርወራ አንዴ እንኳ ወለል ካልነካ ክብደት ይጨምሩ፤ ሰዎች ፍላይ ሲቀያይሩ ይውላሉ፣ የጎደላቸው ግን አንዲት ክብደት ናት።

የብርድ ወራት አነካከስ በደንብ ሊስተዋል ይገባል። ኢንዲኬተሩ ጥልቅ ብሎ አይሰምጥም። ከአረፋው ጋር እየሄደ ሳለ ቅጠል እንደ ነካው ሁሉ ለአፍታ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ያቺ አፍታ ዓሣው ነው። ትራውቱ ፍላዩን አፉ ውስጥ አድርጎ ምግብ አለመሆኑን እስኪያውቅ ያለው ጊዜ ያ ብቻ ስለሆነ፣ በመጠራጠር ሳይቆዩ ዘንጉን ወደ ታችኛው ወራጅ አቅጣጫ በእጅ አንጓ ያንሡት። በኃይል አይንጠቁ፤ ባለ 6 ኤክስ ቲፐት ይበጠሳል። ለልጆች «ሲቆም አንሣ» ብለው ብቻ ያስተምሩ፤ ከአዋቂዎች ይልቅ ቶሎ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

10. በዘንጉ ቀለበቶች ላይ የሚሠራውን በረዶ በውኃ ያሟሙት። አየሩ ከዜሮ በታች ሲሆን በክሩ ላይ ያለው ውኃ ቀለበቶቹን ይደፍናቸዋል። ዘንጉን ወንዙ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያጥልቁት፤ ውኃው ከአየሩ ስለሚሞቅ ይለቅቃል። በጣት አይሰብሩት፤ የዘንጉ ጫፍ ቀጭን በመሆኑ ከበረዶው ጋር አብሮ ይሰበራል፣ እኔም አንድ ጥሩ ዘንግ በዚሁ አጥቻለሁ። ማለዳ የከንፈር ቅባት ቀለበቶቹን መቀባት በረዶውን ያዘገየዋል። ክር ደጋግሞ መሳብና መልቀቅ ውኃ ስለሚያመጣም፣ አጭርና ቋሚ ርዝመት ይዘው ያጥምዱ።

11. ዓሣውን ከውኃ ሳያወጡ ይልቀቁ። ጓንትዎን አውልቀው እጅዎን ያርጥቡ፤ ደረቅ ጓንት የዓሣውን መከላከያ ልጋግ ይገፍፈዋል። ዓሣውን መረቡ ውስጥ፣ መረቡን ደግሞ ውኃው ውስጥ እንዳለ መንጠቆውን በፒንሳ ይንቀሉ። ከዜሮ በታች በሆነ አየር የዓሣ መተንፈሻ (ስንጥብ) በሰኮንዶች ውስጥ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ፎቶ የሚያነሣው ሰው ካሜራውን አዘጋጅቶ ከጠበቀ በኋላ ብቻ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ከፍ አድርገው ይመልሱት። ልጁ እጁን ከሥሩ አድርጎ ዓሣው ራሱ ሲሄድ ይየው። ከዚያ የልጁን እጅ ወዲያው በፎጣ አድርቀው ደረቁን ጓንት ያልብሱት።

12. በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ይውጡ፣ ይብሉ፣ ይጠጡ። ሰው «በረደኝ» እስኪል አይጠብቁ፤ ልጆች ደስ ብሏቸው ሳለ አይናገሩም፣ እንግዳ ደግሞ ያፍራል። ሾርባ፣ ስኳር ያለው ሻይ፣ ቆሎ፣ ጭኮ መልካም ናቸው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሆነ ለሚጾሙ በዘይት የታሸ በሶ፣ ለውዝና የምስር ሾርባ ለብቻ ይያዙ። እስከ 9 ሰዓት ምንም የማይቀምስ ሰው ግን በዚያ ቀን ውኃ ውስጥ አይግባ፤ ሰውነት ራሱን የሚያሞቀው በበላው ነው። አልኮል የሙቀት ስሜት ቢሰጥም ሙቀትን ከሰውነት ስለሚያስወጣ ለቤት ይተዉት።

13. ሸለቆው ጥላ ሳይገባበት ለመልስ ይነሡ። ተራራ የጋረደው ሸለቆ በቀኑ 9 ሰዓት ጥላ ይገባበታል፣ ሙቀቱም በቶሎ ይወርዳል፤ የቀለጠው መንገድም ተመልሶ ይጋገራል። ለመልሱ ጉዞ የነዳጅ ጋን ከግማሽ በላይ ይሁን። የቦቱ ማሰሪያ በረዶ ሆኖ እምቢ ካለ ከፔርሙዝ የተረፈውን ሻይ ያፍስሱበት።

ማስጠንቀቂያ

በመኪናም ሆነ በድንኳን ውስጥ ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ በፍጹም አያንድዱ። ወንዝ ዳር ቡና ማፍላት የተወደደ ነገር ነው፤ ብርዱ ሲጠና ግን ምድጃውን ወደ ውስጥ የማስገባት ፈተና ይመጣል፣ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። ምድጃው ውጭ፣ እሳት የተከለከለ አለመሆኑ ተጣርቶ ብቻ ይለኮስ።

ሰው ቢወድቅና ቢርስ፣ «አልበረደኝም» ቢል እንኳ የዚያ ሰው ማጥመድ አብቅቷል። ርጥቡን ልብስ ሁሉ አውልቀው፣ አድርቀው፣ ደረቅ አልብሰው በሞቀ መኪና ውስጥ ያስቀምጡት፤ መዋጥ የሚችልና ንቁ ከሆነ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ይስጡት። መንቀጥቀጡ በርትቶ ከቆየ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ወይም እየደከመው ሳለ መንቀጥቀጡ በድንገት ካቆመ 911 ይደውሉ። ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ውስጥ ከሆኑ ምልክቱን ሳይጠብቁ ወደ ከተማ ይንዱ። የደነዘዘና የነጣ ጣትን በበረዶ ወይም በእጅ አይሹት፣ ምድጃ ላይም አያሙቁት፤ ስሜት ስለሌለው ሳይታወቅ ይቃጠላል። በብብት ወይም ለብ ባለ ውኃ ያሙቁት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

- በቀን ሁለት ሦስት ቦታ ለማዳረስ መሞከር። እያንዳንዱ ዝውውር ልብስ ማውለቅና መልበስ ስለሆነ ሙቀቱም ሰዓቱም እዚያው ያልቃል።
- ትልቅ ፍላይ ብቻ መጠቀም። በጥር የትራውቱ ዋና ምግብ የትንኝ እጭ ነው፤ የውኃው መጠን ዝቅ ብሎ ስለሚጠራም ወፍራም ክር ይታየዋል።
- ልጅን በአዋቂ ዌደር ማስገባት። የሰፋ ዌደር ውኃ የሚሞላ ከረጢት ነው፤ የክረምት ሱሪና የጎማ ቦት አድርጎ ከዳር ያጥምድ።
- ለሁሉም አዲስ ሰው ዘንግ መግዛት። ለመጀመሪያው ጉዞ ለሁለት ሰው አንድ ዘንግ ይበቃል፤ አንዱ ሲያጠምድ ሌላው እጁን ያሞቃል፣ ኢንዲኬተሩንም አብሮ ያያል።

ቤት እንደደረሱ ዌደሩንና ቦቱን ከጭቃና ከአረም አጥበው፣ ውስጡን ገልብጠው ሞቅ ባለ ክፍል ያድርቁት። ከወንዝ ወደ ወንዝ ተሸጋግረው የሚጎዱ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎችና የዓሣ በሽታዎች የሚጓዙት በርጥብ ቦት ነውና፣ ጋራዥ ውስጥ እንደረጠበ የቀዘቀዘውን ቦት በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ወንዝ ውስጥ አይንከሩት።